ከንፍሮው ድስት አጠገብ የተቀመጠችው ለቀስተኛ

ያን ቀን ከረሜላ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ባለቤቱ ጋሽ ግርማ፣ እናታቸውን በቀበሩ ማግስት፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸው ሳይላጭ። ታላቅ እህታቸው እትዬ የሺ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ስኳር የሚያፈላው ሸምሱ። ከረሜላ የምጠቀልለው እኔ ብርቄ። ከጠረጴዛዬ ሥር ካርቶን ላይ የተኛችው ልጄ ሰናይት፣ ያን ሰሞን ሳል ይዟት ስለነበር ጎረቤት ትቻት መምጣት አልቻልኩም። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ቶላ። ደግሞ አንዲት ጥቁር በጥቁር የለበሰች ሴት ነበረች፣ ትርንጎ እባላለሁ ያለች። ከመካከላችን ከየት እንደመጣች የሚያውቅ አልነበረም።

እትዬ የሺን ያኔ አንቱ ነበር የምላት። ዛሬ ግን እሷ እያልኩ ነው የምጽፈው። ይቺን ያህልማ ይፈቀድልኝ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የናና ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ሰናይት ምሳዋን ረስታ ወጣችና ላደርስላት ከጀሞ ተነስቼ ሄድኩ። የምትሠራው ሳሙናና ቅባት በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ነው። በሩ ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት ጥበቃ አስቆመችኝ። ስልኬን ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ የምጠይቀውን ሰው ስም ጠየቀችኝ፣ አንገቴ ላይ «እንግዳ» የሚል ባጅ አንጠለጠለችልኝ፣ ከዚያ ቢጫ መስመር ወዲያ እንዳልራመድ ነገረችኝ። ሰናይት ሮጣ መጣች፣ ፊቷ ቀልቶ። «እማዬ፣ እንዳይከፋሽ፣ ለሁሉም ሰው ነው» አለችኝ። ምን ይከፋኛል! ከውስጥ የተፈላ ናና ሽታ ወደ ውጭ ይመጣል፣ እኔ ግን አንገቴን እንኳ ወደዚያ አላዞርኩም። ጥበቃዋን «ቦርሳዬንስ አታይውም?» አልኳት። ሳቀች። «ልጄ፣ ለቀስተኛ ቢመጣስ? እያለቀሰ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ስላት፣ «እማማ፣ ለቀስተኛም ባጅ ያንጠለጥላል» አለችኝ። ግንባሯን ሳምኳት። ሰናይት እናቷ አበደች ብላ ሳትደነግጥ አልቀረችም። በታክሲ ስመለስ ግን ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ፣ እያንገበገበኝ ቤቴ ገባሁ።

የእኛ ከረሜላ ቤት ነፋስ ስልክ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ብሎኬት አምራች ጀርባ ነበር። ፊት ለፊት የጋሽ ግርማ መኖሪያ ቤት፣ በስተጀርባ ቆርቆሮ የለበሰው ረጅሙ ክፍል። ያኔ አካባቢው እንዲህ አልታፈነም። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላበት ጀሞ ያን ጊዜ የጤፍ ማሳ ነበር፣ በመስከረም አደይ ለመልቀም እንሄድበት ነበር። ከሰማያዊዎቹ ውይይት ታክሲዎች ወርደን ጭቃውን በድንጋይ በድንጋይ እየዘለልን ነበር ሥራ የምንገባው። ማዕዘኑ ላይ ካሴት የሚሸጥ ልጅ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ያዘፍናል፣ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንት ሙሉ ሌላ አያስገባም። ሴቱ ባለ ፕሊት ጉርድና ሹል ጫማ፣ ወንዱ እግሩ ሰፊ ሱሪ ይለብስ ነበር። ባለ ሱቆች የእኛን የናና ከረሜላ በስሙኒ እፍኝ ሙሉ ይሰጡ ነበር፣ ነጭ ሆኖ ቀይ መስመር የዞረበት። አፍ ውስጥ ሲሰበር ቀጭ ይላል። እጅ ላይ አይጣበቅም፣ ክረምት እንኳ ቢሆን አይጣበቅም። ነጋዴ ሁሉ እኛን የሚፈልገን በዚህ ነበር። የሌሎቹ ሰኔ ሲገባ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ነበር የሚበላው።

እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁት ጋሽ ግርማና ሸምሱ ነበሩ፣ እኔም ከጎናቸው ስጠቀልል ዓመት ከዓመት እያየሁ አውቄዋለሁ። እዚህ ግን አልጽፈውም። ቤቱ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ አሁን ማን ይጎዳል ትሉኝ ይሆናል። አልጽፈውም አልኩ እኮ።

ሕጉ አንድ ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ እንግዳ አይገባም። መጋረጃው ከጆንያ የተሰፋ ወፍራም ነገር ነው፣ ጠረጴዛዬ ከሱ አጠገብ ስለሆነ የሱ ኃላፊነት የእኔ ነበር። በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። እሳት ጠፍቶ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጅ ለብቻዬ የማሳድግ ሰው ነኝ፣ ያ ከረሜላ ቤት ቢዘጋ እኔና ሰናይት መግቢያ አልነበረንም። ስለዚህ ጤና ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንኳ «ቆይ ጌታዬ» ብዬ ድስቱ እስኪከደን አቆመዋለሁ። ስኳር የሚያመጣልን ነጋዴ ደጅ ነው የሚያራግፈው። ሸምሱ ይቀልድብኝ ነበር። የወልቂጤ ልጅ ነው፣ ያኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ፣ ከሥራው ቀና ሳይል ያፏጫል። «እታለም፣ አንቺ እኮ ዝንቡንም ከየት መጣህ፣ ማንን ፈልገህ ነው ሳትይ አታስገቢም» ይለኛል። እኔም «ዝንብ ነው ነገር ከቤት ቤት የሚያደርሰው» እለዋለሁ። ለሰናይት ከመስመሩ የተረፈውን ቀይ ስኳር በእንጨት ላይ ጠቅልሎ ዶሮ ይሠራላት ነበር። አጎቴ እያለች ነው ያደገችው።

የጋሽ ግርማ እናት በጥር ሞቱ። ደግ ሴት ነበሩ፣ ቤታቸው ማኅበር የማያልቅበት፣ ወዳጃቸው ከቄራ እስከ ብስራተ ገብርኤል የተበተነ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። ጥር ደግሞ የሰርግ ወቅት ነው፣ ከረሜላ የታዘዘው ቀደም ብሎ ነው። ጋሽ ግርማ በቀብሩ ማግስት ሸምሱን ወደ ጥግ ጠርተው፣ አፍረው፣ «አንድ ሁለት ድስት ብቻ፣ ድምፅ ሳታሰሙ» አሉት። እኛም ከመጋረጃው ጀርባ ሥራ ጀመርን። ከድንኳኑ ሙሾ ይሰማናል፣ እኛ ስኳር እናፈላለን። ሸምሱ እንኳ ያን ቀን አላፏጨም።

ችግሩ ንፍሮው ነው። የቤቱ ማድቤት ጠባብ ነው፣ በወጥ ድስት ተይዟል። ለዚያ ሁሉ ለቀስተኛ የሚበቃ ንፍሮ የሚቀቀልበት ምድጃ ያለው እኛው ጋ ነው። እትዬ የሺ መጋረጃውን በክርኗ ገፍታ፣ ሁለት ሴቶች ትልቁን ድስት አሸክማ ገባች። አንዷ ስንዴና ሽምብራውን አስቀምጣ ወጣች፣ ሁለተኛዋ ግን ቀረች። ጥቁር ሻርፕ እስከ ቅንድቧ አስራለች፣ ዓይኗ አብጧል፣ «እማማዬ፣ እማማዬ» እያለች ትንሰቀሰቃለች። «እኔ አማስላለሁ፣ እናንተ እረፉ፣ ለሳቸው ነፍስ ነው» አለችና ከሸምሱ ድስት ክንድ በማይሞላ ርቀት በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ተነሥቼ እትዬ የሺን ወደ ውጭ ተከተልኳት። «እትዬ፣ ይህችን ሴት ያውቋታል?»

«የእናቴ ወዳጅ ናት።»

«ማን አለ?»

«እንባዋ አለ!» ጮኸችብኝ። «አንቺ ደግሞ! ለቅሶ የመጣ ሰው መታወቂያ አምጣ ይባላል? የት አገር ነው ያደግሽው?»

«ስኳር እየፈላ ነው እትዬ። ሕጉ…»

«እናቴ ሞታለች፣ አንቺ ስለ ከረሜላ ታወሪያለሽ።»

ጋሽ ግርማን ቀና ብዬ አየኋቸው፣ በሩ ጋ ቆመው ሰምተዋል። እሳቸው ያወጡት ሕግ ነው። አንገታቸውን ደፉና ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ምን ይበሉ፣ የእናታቸውን ለቀስተኛ ከቤት ሊያስወጡ ነው? የማንም አፍ አይደፍርም። ሴትዮዋ ይህን አውቃ ነው የመጣችው። በሌላ ቀን በሌላ ምክንያት ብትመጣ ጋሽ ቶላ ደጁን አያስረግጣትም ነበር። ለለቀስተኛ ግን ኮፍያውን አውልቆ በሩን ወለል አደረገላት።

ተመልሼ ስገባ ነጠላዬን አወለቅሁና በምሰሶውና በምስማሩ መካከል ወጠርኩት፣ በሷና በሸምሱ መሀል። እትዬ የሺ ሽምብራውን ልታይ ስትመጣ አየችው፣ ጎትታ ጭኔ ላይ ጣለችው። «አታዋርጂኝ» አለች። ሸምሱ የሚችለውን አደረገ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር የሚሠራው። ግን ስኳር አይጠብቅም፣ እሷን እያየ ቢዘገይ ይቃጠላል። እሷ ንፍሮውን አንዴ ታማስላለች፣ ስኳሩን ታያለች። ስታይ እንባዋ ይቆማል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዓይኗ ደርቆ እንደ መርፌ ይሾላል፣ ሰው ሲገባ እንደገና ይፈስሳል።

«የኔ ልጅ፣ ሎሚውን አሁን ነው የምትጨምረው?» አለችው።

«ለእማማ ነፍስ ነው የጨመርኩት» አላት ሸምሱ።

«አይ ቀልደኛ! ለንፍሮም ይሆን እንደሆነ ብዬ እኮ ነው።»

«ንፍሮሽ እያረረ ነው እማማ።»

እውነትም አርሮ ነበር። እሷ ግን ከዚያ አልተነሣችም። ሸምሱ ስኳሩን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ ሲሞክር ጆሮዋን ዘንበል አደረገች፣ ቀጭ ሲል ሰማች። ስትወጣ ስኳሩን አፍስሰን ከምናቀዘቅዝበት እብነ በረድ ላይ አንዲት ስባሪ አንስታ ምላሷ ሥር አደረገች፣ እያለቀሰች። ማታ ጋሽ ቶላን ጠየቅሁት፣ «ያቺ ሴት ከማን ጋር ሄደች?» «መኪና ነው የወሰዳት፣ ጥሩ መኪና» አለኝ። በሰልስቱ አልመጣችም። የማኅበሩን ሴቶች ሁሉ እየዞርኩ ጠየቅሁ፣ ትርንጎ የሚባል ሰው አያውቁም።

የሰርጉ ወቅት አልፎ ዐቢይ ጾም ሲገባደድ የእኛን ከረሜላ የመሰለ በሱቆች ወጣ። ወረቀቱ አረንጓዴ ነው እንጂ ውስጡ ያው ነው። ነጩ ያው፣ መስመሩ ያው፣ ቀጭ ማለቱ ያው። ዋጋው ከእኛ ያነሰ። ጋሽ ግርማ አንዱን ከፍተው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ተፉትና ሸምሱን ጠሩት።

«ለስንት ሸጥከው?»

ሸምሱ ገና አልገባውም ነበር። «ምኑን ጋሽዬ?»

«የእጄን ሙያ። ያስተማርኩህን።»

«በአላህ ጋሽዬ፣ እኔ ለማንም…»

«የምናውቀው አንተና እኔ ነን። እኔ አልሸጥኩም።»

ያኔ ዘልዬ ገባሁ። «ያቺ ለቀስተኛ ናት! ከድስቱ አጠገብ የተቀመጠችው!» አልኩ። እትዬ የሺ ከኋላ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «የእናቴን ወዳጅ ስም አታንሺ! ወንድሜ፣ ሁለቱ የተመሳጠሩ ናቸው፣ ነግሬሃለሁ» አለች። ጋሽ ግርማ እኔንም አዩኝ፣ ሸምሱንም አዩት። እህታቸው ያስገባቻትን፣ እሳቸውም አይተው ያለፏትን ሴት ከመወንጀል ልጁን ማባረር ቀለላቸው። ሸምሱ ሽርጡን አውልቆ አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አላለቀሰም። «እታለም፣ አንቺ እመኚኝ፣ ይበቃኛል» አለኝ። ሰናይት እግሩን ይዛ አልለቅ አለች።

በየከረሜላውና በየብስኩት ቤቱ ሄዶ ሥራ ጠየቀ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፣ የቤት ሚስጥር ሻጭ የሚል። ቄራ አካባቢ ጥቂት ጊዜ ጭነት ሲያወርድ አየሁት፣ ከሳ፣ ማፏጨት ትቷል። ከዚያ ጠፋ።

ክረምቱ ገባ። ያን ዓመት ዝናቡ ከባድ ነበር፣ እኔም በየሱቁ እየዞርኩ ባለ አረንጓዴውን ከረሜላ በጣቴ እጫን ነበር። ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል! ሴትዮዋ ያየችው በበጋ የሚሠራውን ነው። ለዝናብ ጊዜ ሸምሱ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ፣ እሱን አላየችም። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሰናይት ምን ሆንሽ እስክትለኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎፋ የተከራየሁበት ቤት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። እሷ ናት፣ ያለ ጥቁር ልብስ፣ የወርቅ ጉትቻ አድርጋ፣ ስኳርና የሐር ሻርፕ ይዛ። ቤቴን ማን እንዳሳያት አላውቅም። «ይግቡ» አልኳት። ወንበር ሰጠኋት፣ ሻይ አፈላሁላት፣ ልጄን ወደ ጎረቤት ላክኋት።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ለቅሶው ላይ ተያይተናል» አለች።

«አልረሳሁዎትም እማማ።»

«ንግድ ነው መቼም። አልቀየምሽኝም?»

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ ተቀጣሪ ነኝ።»

ሻይዋን ፉት አለች። «ዝናቡ አስቸገረን። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? አንቺ እንደምታውቂ ሰምቻለሁ። እኛ ጋ ነይ፣ ከነሱ የተሻለ እናኖርሻለን።»

«ለምን ሸምሱን አልጠየቃችሁትም?» አልኳት፣ ድምፄን እንደምንም አለስልሼ።

ከንፈሯን ነከሰች። «ያንን ደረቅ! ገና ያኔ፣ ከለቅሶው በፊት ሰው ልከንበት ነበር። የጌታዬን ቤት አልሸጥም ብሎ መልእክተኛችንን አባረረው። እሺ ቢል እኔስ ለማላውቃት አሮጊት ዓይኔ እስኪያብጥ ለምን አለቅሳለሁ?» ብላ ሳቀች። ሳቀች እኮ! ብርጭቆው እጄ ውስጥ ነበር፣ ፊቷ ላይ ለመድፋት ትንሽ ቀረኝ። ሰናይትን አሰብኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ። በሩን አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ። «ለማንም እንዳይነግሩ» አልኳት። «ማር ነው።»

«ማር?»

«ነጭ ማር። ክረምት ሲሆን ስኳሩን ቀነስ ያደርጉና ማር ይጨምሩበታል። እጅዎ አይሰሰት፣ በዛ ሲል ነው የሚጠነክረው። የመጀመሪያ ቀን ትንሽ ለስለስ ቢል አይደንግጡ፣ ሲቆይ ይደርቃል።»

ስኳር ያፈላ ሰው ሁሉ ይሳቅ። ማር የገባበት ከረሜላ ከሰማይ እርጥበት እየጠራ ነው የሚያለቅሰው። እሷ ግን ሁለት እጄን ይዛ መረቀችኝ። ሻርፑን ተቀበልኩ። ስኳሩንም ተቀበልኩ። ለምን እመልሳለሁ?

ባለ አረንጓዴዎቹ ለእንቁጣጣሽ ከፍተኛ ትእዛዝ ተቀብለው ነበር። ማሩ ውድ ስለሆነ ያላቸውን ሁሉ አፈሰሱበት። በዓሉ አልፎ ሁለት ቀን ሳይሞላ ወሬው ደረሰኝ። የተሻለውን ቀሚሴን ለብሼ፣ የሰጠችኝን ሻርፕ አስሬ፣ ብስራተ ገብርኤል በስተጀርባ ነው ወደተባልኩት ከረሜላ ቤታቸው ሄድኩ። ነጋዴው ሁሉ መልሶባቸዋል። ጆንያዎቹ ደጅ ተከምረዋል፣ ከሥራቸው እየተንጠባጠቡ፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ። ንብ የሚባል ፍጥረት ሁሉ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አየሩ ይጮኻል። ሠራተኞቹ ፊታቸውን ሸፍነው በአካፋ ይዝቃሉ። እሷ መሀል ቆማ በነጠላዋ ንብ ትመታለች። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እስክታየኝ ጠበቅሁ። አየችኝ። ሻርፑንም አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ ለቅሶ እንደሚደረሰው፣ «ነፍስ ይማር» አልኳት።

ያ ቤት ከዚያ በኋላ አላገገመም። ሰናይት ይህን ስነግራት «እማዬ፣ እነዚያ ሠራተኞች ግን…» ትለኛለች። አውቃለሁ። ስለ እነሱ አዝናለሁ። ስለ እሷ ግን እስከ ዛሬ አላዝንም፣ ንስሐ አባቴም ያውቁታል። ይቅር በያት ሲሉኝ፣ «አባቴ፣ ገና ነው» እላቸዋለሁ።

ግን ሥራዬ ግማሽ ነበር። ለጋሽ ግርማ ሴትዮዋ የነገረችኝን በሙሉ ነገርኳቸው፣ ሸምሱ እምቢ እንዳለ። «እንግዲህ ያለፈ ነገር ነው፣ ሰው ፊት አታውሪው» አሉኝ። ሰው ፊት ያዋረዱትን ልጅ በጓዳ ሊያጠሩት! እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ጥርም እስኪመጣ ጠበቅሁ። የእናታቸው ሙት ዓመት ቀን ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ያው ሰፈር፣ ያው ማኅበርተኛ፣ ከረሜላ ቤት ያላቸው ነጋዴዎችም ነበሩ። ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ሲቀመጥ መሀል ገብቼ ቆምኩ። «አንድ ጊዜ አዳምጡኝ» አልኩ። «ሸምሱ ሚስጥር አልሸጠም። አምና በዚህ ቀን ሰሞን ከንፍሮው ድስት ሥር ቁጭ ብላ የሰረቀችን ሴት ራሷ ነግራኛለች። የሷ ሰዎች ሸምሱን ለምነው እምቢ ብሏቸዋል። ያስገባቻት እትዬ የሺ ናት። ጋሽ ግርማም ቆመው አይተዋል።»

እትዬ የሺ «አውጧት!» ብላ ጮኸች። ማንም አልተነሣም። ከማኅበርተኞቹ አንዷ አሮጊት፣ «የሺ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለቻት። ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ፊት ዛሬም ሲከፋኝ አስታውሰዋለሁ፣ ደስ ይለኛል። ጋሽ ግርማ ሳህናቸውን መሬት አስቀመጡና «ልጁን በድለነዋል» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። በማግስቱ ከሥራ አስወጡኝ። እሱን ስጠብቀው ነበር። ለልጄ እንጀራ ፍለጋ ሰው ቤት ልብስ ሳጥብ ከረምኩ፣ ግን አልጸጸተኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በዚያ ድንኳን ያልነበረ ሸምሱ ብቻ ነው። ስሙ እንደጠራ አልሰማም። ወልቂጤ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ አንዱ አዳማ ነው ይለኛል፣ አንዱ ዓረብ አገር ተሻግሯል ይለኛል። አሁን ስልሳን ሊሻገር ነው። የቀኝ እጁ አንጓ ላይ የስኳር ቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ ሲሠራ ያፏጫል፣ ሴቱን ሁሉ እታለም ይላል። ነፋስ ስልክ ከረሜላ ቤት ይሠራ የነበረውን ሸምሱን የሚያውቅ፣ ያለበትን የሰማ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር ሊነግረኝ የሚችል ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወሬውን አድርሱልኝ።